ሲሊኮኑን አስቀምጠውና መጀመሪያ ቀዳዳውን እንፈልግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴ የድሮ ጣጣ ትዝ አለኝ። ያልከውን ላሳጥረው፦ መኪናህ ባለ አራት በር ፒክአፕ ነው፣ መሪው በግራ ነው። ዝናብ ሲጥል ከሹፌሩ ጎን የሚቀመጠው ሰው እግር ሥር ውሃ ይቋጥራል። የበሩን ጎማ ቀየርክ። የፊት መስታወቱን ዙሪያውን ሲሊኮን አስቀባህ። አልቆመም። አሁን ጋቢናው መሽተት ጀምሯል። ሲሊኮኑን ልድገመው ወይስ መስታወቱን አስወልቄ እንደገና ላስገጥመው ነው ያልከው።

ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው።

እኔ ካንተ ብሼ ሦስት ጊዜ ነው ያስቀባሁት። ውሃው የሚታየኝ ከፊት ነዋ! ከፊት ከታየ በፊት ገባ ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን ክሪክ ላወጣ የኋላውን መቀመጫ መደገፊያ ወደ ፊት ሳጥፈው፣ ከጀርባው ባለው ላሜራ ላይ ከላይ እስከ ወለል የወረደ ቡናማ መስመር አየሁ። መስመሩን ወደ ላይ ስከተለው የሚያበቃው ጋቢናው አናት ላይ ካለው ሦስተኛው የፍሬን መብራት ሥር ነው። ውሃው በዚያ ይገባል፣ በጀርባው ግድግዳ ይወርዳል፣ ከዚያ በምንጣፉ ሥር ተደብቆ ወደ ፊት ይጓዛል። ለምን ወደ ፊት? መኪናውን ሁልጊዜ የማሳድርበት ቦታ ቁልቁለት ስለሆነ አፍንጫው ወደ ታች ነው የሚቆመው። ሦስቱም ሲሊኮን ከንቱ ቀረ።

ስለዚህ የረጠበበትን ቦታ ለጊዜው እርሳው፣ የገባበትን ፈልግ። ውሃ እንደ መኪናው አቋቋም መንገዱን ይቀይራል። አንድ ሌሊት አፍንጫውን ሽቅብ፣ ሌላ ሌሊት ቁልቁል አድርገህ ብታሳድረው ራሱ ብዙ ነገር ይነግርሃል።

ከዚያ በፊት ግን ውሃው በእርግጥ የዝናብ መሆኑን አጣራ። አንተ «ዝናብ ሲጥል» ብለሃል፤ ዝናብ ሲጥል ግን መስታወቱ ጭጋግ እንዳይዝ ኤሲም ይከፈታል። ኤሲ ሲሠራ ውስጡ ጤዛ ይፈጠራል፤ ያ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከመኪናው ሥር መንጠባጠብ አለበት። ቱቦው በአቧራና በቆሻሻ ከተደፈነ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለስና ልክ አንተ ያልከው ቦታ ላይ ይፈስሳል። ዝናብ በሌለበት ሞቃት ቀን መኪናውን አቁመህ ኤሲውን 20 ደቂቃ ያህል ክፈተው። ከሥሩ ጠብ የሚል ነገር ከሌለና ምንጣፉ ከረጠበ፣ ሌባው ተያዘ፤ ቱቦውን ማጽዳት ብቻ ነው።

ሌላው የማሞቂያዋ ትንሽ ራዲያተር ናት፤ እሷም እዚያው ክሩስኮቱ ሥር ነው ያለችው። ውሃውን በነጭ ሶፍት ንካው። ቀለም ካለው፣ ጣቶችህ መካከል ሲዳሰስ የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ጣፋጭ ሽታ ከሸተተህ፣ የፊት መስታወቱም ከውስጥ ቅባት የመሰለ ጭጋግ ከያዘ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። መርዝ ስለሆነ በምላስ አይሞከርም። (የሚሞክር ሰው አይቻለሁ!)

የዝናብ ከሆነ እንቀጥል።

ምንጣፉን ሳታነሳ የምታደርገው ምርመራ ጥንቆላ ነው። በሩ ደፍ ላይ ያለው ፕላስቲክ አብዛኛውን ጊዜ በክሊፕ ነው የተያዘው፤ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ስትስበው ይነሳል። ከዚያ ምንጣፉን ገልጠህ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨመቅ አድርገው። ላዩ ደረቅ መስሎህ ከሥሩ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ታያለህ። ሽታውም ከዚያ ነው። ውስጡን በደንብ አድርቅ። ከዚያ ደረቁ ላሜራ ላይ የህፃን ፓውደር ወይም የጠመኔ ዱቄት ነስንስበት። ውሃ ሲያልፍበት መንገዱን ይስልልሃል።

አሁን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው ከውጭ በውሃ ጎማ ውሃ ያፈስሳል። ያፈስሳል ነው ያልኩት፤ በግፊት አይረጭም። የመኪና ማጠቢያ የግፊት ማሽን ደህና የሆነውን ጎማ ሳይቀር አልፎ ስለሚገባ ያሳስትሃል። ከታች ጀምር። የበሩ ታች፣ ከዚያ የመስታወቱ ታች፣ ከዚያ ጎኑ፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። በየቦታው ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ ቢቻል 10 ቆይ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ስለሚወርድ የትኛው እንደገባ አታውቅም። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽህም። እኔ ጋ ውስጥ የተቀመጠው ልጄ ነበር፤ ስልክ ላይ ሲጫወት የመጀመሪያዋ ጠብታ አመለጠችው። አዋቂ አስቀምጥ።

ባንተ ቦታ ብሆን የምጠረጥረው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ያለውን ጥቁር ፕላስቲክ። ከሥሩ ቦይ አለ። ከመስታወቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እዚያ ይሰበሰብና በግራና በቀኝ ባሉ ማፍሰሻዎች ይወጣል። መኪናህን ዛፍ ሥር የምታቆም ከሆነ ቅጠሉ በስብሶ ጭቃ ይሆንና ማፍሰሻውን ይዘጋዋል። ውሃው ከፍ ሲል ደግሞ ወደ ጋቢናው አየር የሚገባበትን አፍ ያገኛል፤ ያ አፍ መሪው በግራ በሆነ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ነው፣ ልክ አንተ በረጠበብህ በኩል። የኤሲውን የአየር ፊልትር አውጥተህ እየው። እርጥብ ከሆነ ወይም የውሃ ምልክት ካለበት ወደ መስታወቱ መሄድ አያስፈልግም። ኮፈኑን ክፈት፣ ፕላስቲኩን አንሳ፣ ቅጠሉን በእጅህ ዛቅ። ውሃ አፍስሰህ በሁለቱም ጎን መሬት ላይ ሲወርድ ካየህ ሰላም ነው። የሰው መኪና ላይ ይህን ሠርቼ ሙሉ ሥራው ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ባለቤቱ ግን ሁለት ክረምት ምንጣፍ ሲያሰጣ ነው የከረመው።

ሁለተኛ፣ በሩ። ጎማውን ቀይሬዋለሁ ብለሃል፤ የበር ችግር ግን ሁልጊዜ ጎማው አይደለም። በር ውሃ የማያስገባ ይመስለናል። ያስገባል። በመስታወቱ ጎን እየሾለከ የበሩ ሆድ ውስጥ ይወርዳል፣ ከዚያ በበሩ ታች ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ያ ውሃ ወደ ጋቢና እንዳይዞር የሚከለክለው ከበሩ ሽፋን ጀርባ በሚያጣብቅ ጥቁር ማስቲሽ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው። አሁን አንድ ጥያቄ፦ ያ በር ለስፒከር ወይም ለመስታወት ማንሻ ተፈትቶ ያውቃል? ከተፈታ ፕላስቲኩ ተቀዶ ወይም ሳይለጠፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሠራተኛ ትርፍ ነገር ስለሚመስለው ገንጥሎ ይጥለዋል። ምልክቱ የበሩ ሽፋን ታችኛው ጫፍና ደፉ መርጠባቸው ነው። የበሩን ታች ቀዳዳዎችም በሽቦ ነካ ነካ አድርጋቸው። በሩን ስታወዛውዘው ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማህ ተደፍነዋል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የእኔው ጉድ፣ የኋላው የፍሬን መብራት። በፒክአፕ ላይ የታወቀ በሽታ ነው። መብራቱ ከጋቢናው ጀርባ አናት ላይ ስለሆነ ፀሐዩንም ዝናቡንም እሱ ነው የሚችለው። በመብራቱና በላሜራው መካከል ያለው ስፖንጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብሎኖቹን ፈትተህ አውጣው። አሮጌውን ስፖንጅ ሙልጭ አድርገህ ጥረግና አዲስ አድርግ፣ ካልተገኘ ሳይደርቅ የሚኖረውን የቡቲል ማስቲሽ ዙሪያውን አዙርበት። መልሰህ ስታጠብቅ ግን እጅህን ሰብሰብ አድርግ። የመብራቱ ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ሌላ ቀዳዳ ነው የከፈትከው። የኋላው መስታወት ተንሸራታች ከሆነ የሐዲዱ ታች ላይ ትናንሽ ማፍሰሻዎች አሉ፤ እነሱም በአቧራ ይደፈናሉ።

የቀሩትን በአጭሩ ልጥቀሳቸው። የጣሪያ መስኮት ካለህ አራቱን ማዕዘን እይ፣ ማፍሰሻ ቱቦዎቹ ይዘጋሉ። ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ ወይም ተጨማሪ መብራት ከታሰረ እያንዳንዱ ብሎን ተጠርጣሪ ነው። አንቴናም እንደዚሁ። ከሞተሩ ክፍል ወደ ውስጥ የተጨመረ ሽቦ ካለም ያለፈበትን ጎማ እየው። የሬዲዮና የአላርም ገጣጣሚ ጎማውን በካቻቢቴ ወግቶ ሽቦውን ያሳልፍና እንዲሁ ትቶት ይሄዳል።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር ልበል፤ ከዚህ በላይ አንድ ወንድም «እንደገና አስቀባው» ስላለህ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ተራ ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ላሜራውን ያዝገዋል። ከዚያ የከፋው ደግሞ ሲሊኮን የነካውን ቦታ ሌላ ማጣበቂያ አይዘውም። ነገ መስታወቱ በእርግጥ ማስወለቅ ቢያስፈልገው የመስታወቱ ማጣበቂያ ላሜራው ላይ እንዲይዝ የሲሊኮኑ ቅሪት ሁሉ ተፍቆ መነሳት አለበት። የላሜራ መገጣጠሚያ ከሆነ ለእሱ የተሠራ የቦዲ ማሸጊያ አለ። የሚፈታ ነገር ከሆነ ቡቲል። መስታወቱ ጋ ከደረስክ ደግሞ ባትላሜራ ዝገቱን ሳያይ አታስገጥመው፤ ክፈፉ ከዛገ አዲሱም ማጣበቂያ ቆይቶ ይለቅቃል።

ማድረቁን አታቃልለው። ቀዳዳውን አግኝተህ ብትዘጋውም ስፖንጁ እርጥብ ሆኖ ከተዘጋ ሻጋታው ይቀጥላል፣ ወለሉም ከውስጥ ይዝጋል። ምንጣፉን አውጥተህ ብታሰጣው ነው የሚሻለው። ለዚያ መቀመጫ መፍታት ካለብህ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ሶኬት ልብ በል፤ የኤርባግ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተህ ጥቂት ደቂቃ ቆይ፣ ከዚያ ንካው። እዚያው አካባቢ ያሉትን ሌሎች ሶኬቶችም ክፈትና እያቸው። እግሮቻቸው አረንጓዴ ከሆኑ ውሃ ገብቷቸዋል። መስታወት ማንሻው አንዳንዴ እምቢ ይላል ያልከው ከዚህ ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ወለሉን በድሪል በስተህ ውሃው ይውጣ የሚለውን ምክር ግን እባክህ አትስማ። አብዛኛው መኪና ወለሉ ላይ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቡሽ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉት። ምንጣፉን ስታነሳ ታገኛቸዋለህ። እስኪደርቅ አንዱን ነቅለህ ውሃውን አስወጣና መልሰህ ግጠመው። ቅዳሜ በውሃ ጎማው ሞክረህ የመጀመሪያዋ ጠብታ የት እንደታየች ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፣ ከዚያ እንቀጥላለን።