ቁልፉ ውስጥ ቁልፉ ተሰበረ

ጥያቄ፦ በቀደም የጓዳችን በር ቁልፍ ተበላሸብን። ልጄን «ቁልፍ ገዝተህ ና» ብዬ ላክሁት። ባለ ሱቁ «የበር ነው? ጓጉንቸር ነው? ወይስ ማስቀረጽ ነው የፈለግኸው?» ቢለው ግራ ገብቶት ባዶ እጁን መጣ። ለመሆኑ ቁልፍ የሚባለው በሩ ላይ የሚገጠመው ነው ወይስ ኪሳችን የምንከተው? መቀርቀሪያ፣ መሸጎሪያና መወርወሪያስ አንድ ናቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እርስዎም ልክ ነዎት፣ ባለ ሱቁም ልክ ነው። ዛሬ ቁልፍ የሁለቱም ስም ነው። «ቁልፉ ውስጥ ቁልፉ ተሰብሮ ቀረ» ቢባል ማንም አይስቅም። ስሙ መጀመሪያ የማን ነበር ካሉኝ ግን ለበሩ እፈርዳለሁ።

ምስክሬ ግሱ ነው። ቆለፈ ማለት አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ ያዘ ማለት ነው። የሸሚዝዎን ቁልፍ ይመልከቱ። ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ይይዛል፣ በቃ። መክፈቻ የሚባል ነገር የለውም፤ ስሙ ግን ቁልፍ ነው። ጣታቸውን ያጠላለፉ ሰዎች እጃቸው ተቆላለፈ ይባላል። መፍትሔ ያጣ ነገርም ተቆላለፈ እንላለን። ሁሉም ቦታ ያለው መያያዝ ነው እንጂ መክፈት አይደለም።

ኪስ ውስጥ ያለችው ደግሞ የራሷ ስም ነበራት፤ መክፈቻ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጴጥሮስ የተቀበለው የመንግሥተ ሰማያትን «መክፈቻዎች» ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነህምያ ምዕራፍ 3 ላይ የኢየሩሳሌም በሮች ሲታደሱ የሚገጠሙት ቁልፍና መወርወሪያ ናቸው። ተርጓሚዎቹ ሁለቱን አልደባለቁም። ግእዙም እንዲሁ ነው። መክፈቻዋን መርኆ ይላታል፤ ፍቺው ከፈተ ከሆነ የግእዝ ግስ ወጥቶ። መዝሙረ ዳዊት የሚደግም ሰው «አርኅዉ ኆኃተ መኳንንት» የሚለውን ያውቀዋል፤ «አርኅዉ» ማለት ክፈቱ ነው፣ መርኆም የዚያው ዘር ነው።

ዓረብ አገር የሠራ ሰው ደግሞ ይህን በጆሮው ሰምቶታል። በዓረብኛ በሩ ላይ ያለው ቁፍል ነው፣ በእጅ ያለው ሚፍታሕ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችንም መክፈቻዋን ማፍቴሐ ይላሉ። የሁለቱም ፍቺ ያው መክፈቻ ነው። (ቁፍልና ቁልፍ መልካቸው አይመሳሰልም? ሁለት ፊደል ቦታ ተለዋወጠ እንጂ።)

ታዲያ እኛ ምን ነካን? እኔ እንደሚመስለኝ መክፈቻ ግማሽ ስም ነው። ዕቃዋ መክፈት ብቻ ሳይሆን ትቆልፋለችም። በዚያ ላይ የዘመኑ ቁልፍ አካሉ በሩ ውስጥ ይደበቃል። ሲሊንደሩ (ጥርሷ የሚገባበት ክብ አካል) ውስጥ በትናንሽ ሞላዎች የሚገፉ ፒኖች፣ ማለትም ቀጫጭን ብረቶች፣ አሉ። ትክክለኛው ጥርስ ሲገባ ሁሉም ፒኖች በልካቸው ይቆሙና ሲሊንደሩ ይዞራል። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1861 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነት ቁልፍ ፓተንት አወጣ፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ በየበሩ ያለው የዚያው ዘር ነው። ይህ ሁሉ ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። በእጃችን የምትዞረው ብረት ናት። የምናየውም እሷን ነው። ስሙን ወረሰች።

አሁን ሁለቱን የሚለየው አብሮ የሚመጣው ግስ ነው። «ቁልፍ ጠፋብኝ» ያለ ሰው የጠፋው የኪሱ ነው። «ተከራዩ ሲወጣ ቁልፍ ቀየርኩ» ያለ ደግሞ የበሩን ማለቱ ነው። «ቁልፍ እንቀርፃለን» የሚለው የመንገድ ዳር ጽሑፍም ማንንም አያሳስትም፤ የሚቀረፀው ጥርሷ ነዋ። ግዛ የሚለው ግስ ግን አይለይም። የልጅዎ ችግር ይኸው ነው።

«ቁልፍ ጉዳይ» እና «ቁልፍ ሚና» የሚሉት የጋዜጣ አነጋገሮችም ከኪስ ቁልፏ የመጡ ናቸው፤ በፈረንጅኛው መንገድ። በበሩ ፍቺ ብንወስዳቸውማ «መቀርቀሪያ ሚና» እንደ ማለት ይሆኑ ነበር።

ወደ መቀርቀሪያው ከመጣን፣ እሱና ወንድሞቹ መክፈቻ የላቸውም። ከውስጥ በእጅ ይገፋሉ፣ በእጅ ይሳባሉ። ይህ ከቁልፍ የሚለያቸው ትልቁ ነገር ነው። ስማቸው የእንቅስቃሴያቸው ነው። መወርወሪያ ከወረወረ ነው፤ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚወረወር አግዳሚ። የሸማኔው መወርወሪያም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው፤ እሱም ወዲያና ወዲህ ይወረወራል። መቀርቀሪያ ከቀረቀረ ነው፤ ክፍተት ውስጥ ሰክቶ ያዘ። ጉሮሮ ላይ የተቀረቀረ አጥንት፣ እንጨት የሚፈለጥበት ቅርቃር፣ «ቅርቃር ውስጥ ገባሁ» የሚል ባለ ዕዳ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መሸጎሪያ ከሸጎረ ነው። እንደ አገሩ ይለያይ ይሆናል እንጂ በብዙ ሰው አፍ ከመቀርቀሪያ ጋር ይወራረሳል፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ቢያቀላቅሉ አልከስዎትም።

ጓጉንቸር የሚባለው ተንጠልጣዩና ተነቃዩ ነው፤ ለቆርቆሮ በርና ለሳጥን የሚሆነው። እሱ መክፈቻ ስላለው ከቁልፍ ወገን ነው።

ሳልረሳው አንድ ነገር። ብዙ ሰው ከርቸሌ የመጣው ከከረቸመ ነው ይለኛል። በርን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ከረቸመ ይባላልና ግምቱ ያምራል። ግን ከጣሊያንኛው ካርቼሬ፣ ወህኒ ቤት ማለት ነው፣ የገባ ቃል ነው።

ለቤትዎ ጉዳይ የምመክረው ይህን ነው። ሱቅ ሲልኩ የበሩን «የበር ቁልፍ» ይበሉት፤ ለኪስ ቁልፏ ልጁን ከነናሙናዋ «ቁልፍ አስቀርጸህ ና» ብለው ይላኩት። መክፈቻ ብለው ግን አይላኩ፤ የቢራ ወይም የቆርቆሮ መክፈቻ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የኪራይ ውል ላይ ከሆነ ግን አሮጌውን ቃል ያለ ፍርሃት ይጻፉት፦ «አንድ የበር ቁልፍ ከ3 መክፈቻዎቹ ጋር ተረክቤአለሁ።» እዚያ ቢራ የሚያስብ የለም።