ብዙ ድምፅ ያገኘ እጩ እንዴት ይሸነፋል?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ዓሣ ቤት ተቀምጠን ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ በልጠው ሳለ ዶናልድ ትራምፕ ያሸነፉት በምን ሕግ ነው? እሱ «ተጭበርብሮ ነው» ይላል፤ እኔ አላመንኩትም። (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለማመንዎ ተገቢ ነው። አሜሪካውያን ድምፃቸውን የሚሰጡት በቀጥታ ለፕሬዚዳንቱ ሳይሆን፣ እሱን ለሚመርጡት የየግዛታቸው ወኪሎች ነው። ወኪሎቹ በድምሩ 538 ሲሆኑ ለማሸነፍ ቢያንስ 270 ያስፈልጋል። ግዛቶች ወኪል የሚመደብላቸው በኮንግረስ (በአገሪቱ ፓርላማ) ባላቸው መቀመጫ ልክ በመሆኑ፣ ከፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች አንዱ በሆነው በሴኔት ከትልልቆቹ እኩል ሁለት መቀመጫ ያላቸው ትንንሾቹ ከሕዝባቸው ብዛት በላይ ክብደት ያገኛሉ።

ውጤቱን ይበልጥ የሚወስነው ግን ሌላ ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር፣ በአንድ ግዛት የመራ እጩ ብልጫው የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን የግዛቱን ወኪሎች በሙሉ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ይህም በሕገ መንግሥቱ ሳይሆን በየግዛቱ ሕግ የተደነገገ ነው። ክሊንተን በካሊፎርኒያ ብቻ ከ4 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ቢመሩም ያገኙት ያንኑ 55 ወኪል ነው፤ ትራምፕ በበኩላቸው ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬንያን በድምሩ 80 ሺህ በማይሞላ ብልጫ አሸንፈው 46 ወኪሎች ሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2000ም ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን፣ በእሷም ምርጫውን፣ የወሰዱት በ537 ድምፅ ልዩነት ነበር።

ጓደኛዎ «ፍትሐዊ አይደለም» ብለው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በከበደዎት ነበር፤ ብዙ አሜሪካውያንም እንዲያ ይላሉ። ሆኖም የወኪሎቹን ሥርዓት ከሕገ መንግሥቱ ለማውጣት ከ50ዎቹ ግዛቶች የ38ቱ ይሁንታ ስለሚያስፈልግ፣ ተጠቃሚዎቹ ትንንሽ ግዛቶች በቀላሉ አይስማሙም።