«ውሻው ወደቀ» ብቻ ለምትል ልጅ

እህቴ፣ የአራት ዓመት ልጅሽ ካርቱን አይታ ስትጨርስ «ታሪኩ ምን ነበር?» ስትያት «ውሻው ወደቀ» ብቻ እንደምትልሽ ጽፈሻል። አይዞሽ፣ የዕድሜዋ ነገር ነው። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ በየቀኑ የምሰማው መልስ ነው።

እኛ ያደግነው በተረት ነው። አያቶቻችንም ሆኑ አባባ ተስፋዬ በቴሌቪዥን ሲተርቱልን ምክንያቱን አብረው ይነግሩን ነበር። «ጅቡ ስለራበው መጣ፣ ጦጢትም በልቧ እንዲህ ብላ አሰበች» ይባላል። ካርቱን ላይ ግን የጦጢትን ልብ የሚነግር የለም። ፊቷ ብቻ ይታያል፣ ከዚያ ታሪኩ ቶሎ ወደ ሌላ ቦታ ያልፋል። ውሻው የወደቀው ቅድም የጣለውን ሙዝ ልጣጭ ረግጦ ከሆነ፣ ሁለቱን የማገናኘት ሥራ የተመልካቹ ነው። እኛ ሳይታወቀን እናገናኛለን። እሷ ገና እየለመደችው ነው።

በጣም የሚከብዳቸው ደግሞ እነሱ ያዩትን ባለታሪኩ እንዳላየ መረዳት ነው። ቀበሮው በር ኋላ ተደብቋል፣ ዶሮዋ አላየችውም። የሦስት ዓመት ልጅ «አታውቅም እንዴ?» ስትይው «ታውቃለች!» ብሎ ድርቅ ይላል። አራት፣ አምስት ዓመት ላይ ነው እየገባቸው የሚመጣው። ወደ ኋላ የሚመለስ ታሪክም ያደናግራቸዋል። አያትየው በልጅነታቸው ሲታዩ «ይሄ ልጅ ማነው?» ይሉሻል።

ስለዚህ አብረሻት ቁጭ በይና ተራኪዋን ተኪ። «ውይ፣ ቀበሮውን አላየችውም!» በቂ ነው። ጥያቄ አትደርድሪባት፣ ፈተና ይመስላታል (እኛ አስተማሪዎች ይሄ አመል አለብን)። ዩቲዩብ ከሆነ አቁመሽ «አሁን ምን የምታደርግ ይመስልሻል?» በያት፣ አንዴ ብቻ። በመደበኛው ቴሌቪዥን ከሆነ የማስታወቂያው ሰዓት ይጠቅምሻል።

ሲያልቅ «ምን ተማርሽ?» ከማለት «ተረት ተረት» በያት። «የላም በረት» ካለች በኋላ እሷ ትተርት። ስኒው ውሻው፣ ማንኪያው ድመቷ ይሁኑ። ከታሪኩ ስትዘል «ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር?» እያልሽ አግዣት።

ያንኑ ክፍል ደግማ ልየው ካለች ፍቀጂላት። በ1996 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የጀመረው «ብሉስ ክሉስ» የተባለ የልጆች ዝግጅት አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ ይደግመው ነበር። በጥናት ሲታይ ልጆቹ በተደገመ ቁጥር የበለጠ እየገባቸው፣ ከስክሪኑ ለሚጠየቁትም እየመለሱ ሄዱ። ሰዓቱ ግን ይገደብ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት አይብለጥ ይላል።

የካርቱኑ ቋንቋም ይታይ። በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ የሚያዩ ልጆች ብዙ ጊዜ ሥዕሉን ብቻ ነው የሚከተሉት። እንደ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ያለ በአማርኛ የተሠራ አሳያትና ልዩነቱን እዪ። አንቺ በአፍሽ የምትነግሪያት ተረትም ሆነ የቤት ውስጥ ወሬ የማይገባት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ጆሮዋን ሐኪም ይያት።