የዌብሰብ ተመዝጋቢ ስለመሥራት፦ ለድሬና ለሐረር ኮድ ጻፊዎች ጥያቄና መልስ

ዌብሰብ ድረ ገጽ አዲስ ነገር ሲያወጣ ወዲያው የሚያሳውቅ ፕሮቶኮል ነው። ድሮ ፐብሰብሃበብ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የደብሊውስሪሲ (የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ድርጅት) ደረጃ ሆነ። በመሃል ከድረ ገጹ ተቀብሎ ለተመዘገቡት የሚያደርስ «ሃብ» የሚባል ሰርቨር አለ። ዛሬ ተቀባዩን ፕሮግራም የምትሠሩ ጠይቁኝ፤ አመሻሹን አለሁ።

ጥያቄ (ሳቢያን፣ ድሬ)፦ ፊዱን (የድረ ገጹን የአዳዲስ ነገሮች ዝርዝር ፋይል) በየአምስት ደቂቃው እያወረድኩ ነው። ይሄ ምን ይጨምርልኛል?

መልስ፦ ዳታ ያተርፍልሃል። አንዴ ትመዘገባለህ፤ አዲስ ነገር ሲኖር ሃቡ ራሱ ይልክልሃል። ዩቲዩብም የቻናሎችን አዲስ ቪዲዮ በዚህ መንገድ ያሳውቃል። ለመለማመጃ እሱን ያዝ።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ፊዱን አውርድና ሄደሩ ላይ ወይም ፊዱ ውስጥ ሁለት ሊንክ ፈልግ፤ «ሃብ» እና «ሴልፍ» (የፊዱ የራሱ አድራሻ)። ከዚያ ለሃቡ የምዝገባ ጥያቄህን በኤችቲቲፒ ፖስት ላክ። ቶፒክ (የምትመዘገብበት ፊድ) ብለህ የምታስገባው የሴልፉን አድራሻ ነው፤ ብሮውዘር ላይ የጻፍከውን አይደለም። አንዲት ስላሽ ብትለይ እንኳ ሌላ ቶፒክ ነው።

ጥያቄ (ድሬ)፦ ሃቡ 202 መለሰልኝ፤ ግን ምንም አልመጣም። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ 202 ማለት «ጥያቄሽ ደርሶኛል» እንጂ «ተመዝግበሻል» አይደለም። ሃቡ ተመልሶ ወደ ኮልባክሽ (መልእክት እንዲላክበት ወደ ሰጠሽው አድራሻ) የጌት ጥያቄ ይልካል። ውስጡ ቻሌንጅ የሚባል ጽሑፍ አለ። እሱን ሳትነኪ በ200 መልሺለት። ጄሰን ውስጥ አትክተቺው፣ ጥቅስም አታድርጊበት፤ ብዙ ፍሬምወርክ ሳትጠይቂው ይጨምርብሻል። ቶፒኩ ያልጠየቅሽው ከሆነ ደግሞ 404 (አልተገኘም) በይው። አለበለዚያ ማንም ሰው በስምሽ ያስመዘግብሻል። ጥያቄሽን መጀመሪያ ዳታቤዝ ላይ መዝግቢ፣ ፖስቱን ከዚያ በኋላ ላኪ፤ ሃቡ ሊቀድምሽ ይችላል።

ጥያቄ (ከዚራ፣ ድሬ)፦ ኮልባኬን ቤት ላፕቶፔ ላይ አስነሳሁ። ይሠራል?

መልስ፦ አቦ ተው! ሃቡ ሎካልሆስትህን ከየት ያገኘዋል? በሞባይል ዳታ ስትገባም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚደረስበት የራስህ አይፒ የለህም። ስሙ ተመዝጋቢ ይሁን እንጂ የምትሠራው ሰርቨር ነው፤ ቀን ከሌት መነሳት አለበት። ለሙከራ ታነል (ላፕቶፕህን ከውጭ የሚያስደርስ አገልግሎት) ተጠቀም። ከዚያ በኋላ ትንሽ ሰርቨር ተከራይ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ኮልባክ ዋጋ የለውም፤ የድሬ ሙቀትም ለሌት ተቀን ላፕቶፕ አይራራም።

ጥያቄ (ሐረር)፦ ጥቂት ቀን ሠርቶ ዝም አለ።

መልስ፦ ምዝገባህ ጊዜው አልፎ ነው። ሃቡ ከቻሌንጁ ጋር የሚቆይበትን ሰከንድ ይነግርሃል። አንተ የጠየቅከው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ወሳኙ ሃቡ የነገረህ ነው። ቁጥሩን አስቀምጥና ሳያልቅ ያንኑ ጥያቄ ድገም። ክሮን ጆብ (በተወሰነ ሰዓት ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ይበቃል።

ጥያቄ፦ ሌላ ሰው የውሸት መልእክት ቢልክልኝስ?

መልስ፦ ስትመዘገብ ሲክሬት (የሚስጥር ቃል) ስጥ፤ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ። ሃቡ እያንዳንዱን መልእክት በኤችማክ (በሲክሬቱ በሚሰላ ፊርማ) ይፈርማል። ፊርማውን ኤክስኤምኤሉን ከመክፈትህ በፊት፣ በመጣው ባይት ላይ አስላ። ካልገጠመ መልእክቱን ጣለው፤ መልስህ ግን ያው 200 ይሁን። እንግዳ ይመስላል፣ ደረጃው ግን ይፈቅደዋል።

ጥያቄ፦ እና የድሮውን ማውረድ ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። ሰርቨርህ ጠፍቶ ሳለ የመጣ መልእክት ሊያመልጥህ ይችላል። በየ6 ሰዓቱ አንዴ አውርድ። የተደገመውን በፊዱ አይዲ ለይ።