ኢንጂነር ሆኜ በቁጥጥር መሥሪያ ቤት ልቀጠር?

ከሳንሆዜ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ እየተማርሽ ነው። ስትመረቂ ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖችን ቁጥጥር ላይ መሥራት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ ግን «እሱ የጠበቃ ሥራ ነው፤ የተማርሽውን ልትጥይው ነው?» ይሉሻል።

ሕጉን የሚያረቁት በብዛት የሕግ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ አባትሽ እውነት አላቸው። ኩባንያው ያመጣውን የሙከራ ውጤት አይቶ «ይሄ አይበቃም» የሚለው ግን ብሬክና ሴንሰር የሚያውቅ ሰው ነው።

ያለ ሹፌር የሚሄዱ ታክሲዎች የነበሩትን የክሩዝ ኩባንያን ጉዳይ ተመልከቺ። ኦክቶበር 2023 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንዲት እግረኛን ሌላ መኪና ገጭቶ ክሩዙ ፊት ጣላት። ክሩዙም ገጫትና ቆመ። ከዚያ መንገድ ዳር ለመያዝ ሲንቀሳቀስ፣ ከሥሩ እንዳለች 6 ሜትር ያህል ጎተታት። የካሊፎርኒያ ዲኤምቪ (የመኪናና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) ኩባንያው መኪኖቹን ያለ ሹፌር የሚያስኬድበትን ፈቃድ በዚያው ወር አገደ። አንዱ ምክንያት ኩባንያው ስለ ደህንነት የሰጠው መረጃ አሳሳች መሆኑ ነው። ለእኔ ከአደጋው እኩል የሚያስደነግጠው ይሄ ነው። ሶፍትዌር ይታረማል፤ የተደበቀ መረጃን ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማግኘት አለበት። ያ ሰው አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ።

ማስታወቂያም የዚሁ ሥራ አካል ነው። በ2022 ዲኤምቪ «ኦቶፓይለት» እና «ፉል ሰልፍ ድራይቪንግ» (ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚነዳ) የሚሉት የሹፌር ማገዣ ሲስተሞች ስሞች መኪናው ያለ ሹፌር የሚሄድ አስመስለው ገዢን ያሳስታሉ ብሎ ቴስላን ከሰሰ። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገድ መንቀል የለበትማ!

ሳትመረቂ መጀመር ትችያለሽ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሙከራ ፈቃድ ያለው ኩባንያ አደጋ ሲደርስ በ10 ቀን ውስጥ ለዲኤምቪ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቶቹ ድረ ገጹ ላይ አሉ። ጥቂቱን አንብቢና ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጻፊ፦ ምን ሆነ፣ ምን ሳይነገር ቀረ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትጠይቂ ነበር? ለኢንተርቪው ከውጤትሽ ይልቅ እሱን ይዘሽ ብትቀርቢ እመርጣለሁ። ስታቲስቲክስ በደንብ ያዢ፤ የአስተዳደር ሕግ ኮርስ ካለም አንዱን ውሰጂ።

ደሞዙን አልደብቅሽም፤ የመንግሥት ክፍያ ከኩባንያዎቹ ያንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ኩባንያ የደህንነት ሙከራ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ዓመት ብትሠሪ ጥሩ ነው። ውስጡን ያየ ሰው የት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ከዚያ ለዲኤምቪ ወይም ለፌደራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አመልክቺ።

የመጀመሪያውን ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ አይቼ አስተያየቴን እጽፍልሻለሁ።