«ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራፊ» ስንት ቀለም አለው፣ ጫናውስ የት ላይ ነው?

ወንድማችን፣ ይህን የሕክምና ቃል (የአንጎልን ኤሌክትሪክ መቅዳት ማለት ነው) በእንግሊዝኛ እንዴት ከፋፍዬ ላንብበው፣ የትኛው ላይ ልበርታ ብለሃል። ዘጠኝ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ፣ አለው፦ ኢ · ሌክ · ትሮ · ኤን · ሴ · ፈ · ሎግ · ረ · ፊ። ዋናው ጫና (ድምፅ ጠንከር የሚልበት ቦታ) «ሎግ» ላይ ነው። «ሌክ» እና «ሴ» ቀለል ያለ ጫና ይይዛሉ፤ የቀሩት ቶሎ ይታለፋሉ። «ፋ»ን ትቼ «ፈ»፣ «ራ»ን ትቼ «ረ» ያልኩት አውቄ ነው፤ እንግሊዝኛ ጫና የሌለበትን አናባቢ ያደበዝዛል፣ የደበዘዘው ድምፅ ደግሞ ለእኛ ግእዝ ፊደል ይቀርባል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ቃሉን በትርጉም ሰንጥቆ በዚያው ስለሚያነበው ነው። በትርጉም «ኤሌክትሮ» ኤሌክትሪክ፣ «ኤንሴፋሎ» አንጎል (በግሪክ «ኤን» ውስጥ፣ «ኬፋሌ» ራስ)፣ «ግራፊ» መጻፍ ወይም መቅዳት ነው። ስለዚህ «ግራፊ»ን ለብቻው ቆርጦ «ግራ» ላይ ይጮኻል። በአነጋገር ግን «ግ» ወደ ኋላ ሄዳ «ሎ» ላይ ትለጠፋለች። የእኛው «አልመጣም» እንዲሁ ነው፦ በምዕላድ (ትርጉም ባላቸው የቃል ክፍሎች) አል + መጣ + ም፣ በቀለም ግን አል · መጥ · ጣም።

በ«ግራፊ»፣ በ«ሎጂ»፣ በ«ስኮፒ»፣ በ«ሜትሪ» የሚያልቅ ቃል ሲገጥምህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሦስተኛው ቀለም ላይ በርታ። በ«ግራም» ሲያልቅ ይህ አይሠራም። «ኤሌክትሮኤንሴፋሎግራም» ስምንት ቀለም ነው፤ ጫናው ወደ «ሴ» ይሸሻል፣ «ሎ»ም ደብዝዞ «ለ» ይሆናል፦ ሴ · ፈ · ለ · ግራም። የልብ መቅጃውም ቃል ያው ነው፦ ካርዲዮግራፊ ሲሆን «ኦግ»፣ ካርዲዮግራም ሲሆን «ካር»።

ለመለማመድ ከጭራው ጀምር፦ «ሎግረፊ»፣ «ፈሎግረፊ»፣ «ሴፈሎግረፊ»፣ «ኤንሴፈሎግረፊ»፣ ከዚያ ሙሉውን። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ በል፤ «ሎግ» ላይ ስትደርስ ጠረጴዛውን በጣትህ ምታ። ከፊት የጀመረ ሰው መሃል ላይ ትንፋሽ ያጥረውና «ኤን»ን ይውጣታል። «ኤሌክትሮሴፋሎ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ «ኤን» ከወጣች ደግሞ የቀረው ራስ ብቻ ነው፣ አንጎል የለም።

«ትሮ»ን «ት-ሮ» ብለህ አትክፈላት፣ አሥረኛ ቀለም ትጨምርብሃለች። አሜሪካኖቹ «ሎግ»ን ወደ «ላግ» ያስጠጉታል። ከእንግሊዞቹ «ሴፍ»ን «ኬፍ» የሚሉ አሉ፤ ግሪኩም «ኬፋሌ» ስለሆነ አታርማቸው። ሆስፒታል ውስጥማ ሁሉም በአሕጽሮት «ኢኢጂ» (EEG) ብሎ ነው የሚገላገለው።