ከንፈሩን በጣታችሁ ዳስሱት

ገና ሕክምና ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ቦታ ነው፤ ስለ ታችኛው ከንፈር። ዕድሜዬን ሙሉ ቆዳ ሳክም እንደ እሱ የተናቀ ቦታ አላየሁም። ታካሚው «ደርቆብኝ ነው» ይላል። ሐኪሙ «ቅባት ተቀባ» ይላል። በዚሁ ይለያያሉ።

እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ አባት መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታቸው የኖሩ ናቸው። «ከንፈሬ ይላጣል» አሉኝ። ቅባት ሰጠኋቸው። ከወራት በኋላ ተመለሱ፤ ሌላ ቅባት ሰጠኋቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ አልድን ያለ ቁስል ነበራቸው። ጓንት አድርጌ የዳሰስኳቸው ያኔ ነው። ከቁስሉ ሥር እንደ ጠጠር የደደረ ነገር አገኘሁ። ካንሰር ነበር። በቀዶ ሕክምና ዳኑ፤ የከንፈራቸው ግማሽ ግን አብሮ ሄደ። ያለፉትን ሁለት ጊዜያት ከወንበሬ ሳልነሳ ነበር ያየኋቸው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የከንፈር ቀዩ ክፍል ሽፋኑ ስስ ነው። ከፀሐይ የሚከልለው ሜላኒንም ጥቂት ነው። የታችኛው ከንፈር ደግሞ ወጣ ብሎ ወደ ላይ ስለሚያይ ጨረሩን ፊት ለፊት ይቀበላል። አልትራቫዮሌት የሴሎቹን ዲኤንኤ ይጎዳል፣ ጉዳቱም ዓመት በዓመት ላይ ይጠራቀማል። ይህ የቅድመ ካንሰር ደረጃ አክቲኒክ ኪላይቲስ ይባላል። ሁሉም ካንሰር አይሆንም። የሆነው ግን ስኩዌመስ ሴል ካንሰር፣ ማለትም ከላይኛው ሽፋን ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው፤ ከንፈር ላይ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ቆዳ ላይ ከሚነሳው ይልቅ ወደ አንገት ዕጢዎች የመዛመት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ ተነሱና ቀረብ በሉ። የተቀባውን ሁሉ አስጠርጉ፤ ቅባት ብዙ ነገር ይደብቃል። መጀመሪያ ድንበሩን እዩ። ጤነኛ ከንፈር ከፊት ቆዳ ጋር የሚገናኝበት መስመር ጥርት ያለ ነው። ፀሐይ የጎዳው ከንፈር ላይ መስመሩ ይደበዝዛል። ከንፈሩ የት ጋ እንዳለቀ ግራ ይገባችኋል። ነጣ ነጣ ያሉ ቦታዎች ይኖራሉ፤ ቅርፊቱ ይላጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር ዳስሱ። ብዙ ጊዜ ዓይን ያላየውን ሸካራነት ጣት ያገኘዋል፤ ልክ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አገጭና መንጋጋ ሥርም ያበጠ ዕጢ ፈልጉ።

የደደረ፣ የሚደማ፣ ያበጠ ወይም አልድን ያለ ነገር ካገኛችሁ ባዮፕሲ፣ ማለትም ለምርመራ የሚሆን ትንሽ የሥጋ ናሙና ውሰዱ። «እስኪ ትንሽ እንየው» አትበሉ። ናሙናው በጣም ከደደረው ወይም ከቆሰለው ቦታ ይሁን። ውጤቱ ደህና ነው ቢል እንኳ ጣታችሁ ካልተስማማ ድገሙት፤ አንዲት ትንሽ ናሙና ክፉውን ቦታ ልትስት ትችላለች። ከንፈር የመላስ ልማድ፣ አለርጂ፣ ሄርፒስ፣ እንዲሁም ሉፐስና ላይክን ፕላነስ የሚባሉት በሽታዎችም ይህን ስለሚመስሉ ሊያሳስቷችሁ ይችላሉ።

ጠይቁም። ሥራው ከቤት ውጭ ነው? ያጨሳል? ኩላሊት ተተክሎለት የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት ይወስዳል? ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ከከንፈር ካንሰር ጋር ተያይዟል። ይህን ስትሰሙ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ካዘዘው ሐኪም ጋር ተነጋገሩ። አልቢኒዝም ያለበት፣ ማለትም ሲወለድ ጀምሮ ሜላኒን የሌለው ወይም ያነሰው ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ ወጣት ቢሆንም እንኳ፣ ከንፈሩን ሳታዩ አትሸኙት።

ሕክምናው እንደ ጉዳቱ ስፋት ነው። አንዲት የተለየች ቦታ ከሆነች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ይበቃል። ጉዳቱ ከንፈሩን ሙሉ ካዳረሰ ግን አንድ ነጥብ ብቻ ማቀዝቀዝ ዋጋ የለውም፤ ሌላውም እኩል ፀሐይ ጠጥቷል። ያኔ የተጎዱትን ሴሎች የሚገድል 5 በመቶ ፍሎሮዩራሲል ክሬም አለ፤ ብዙውን ጊዜ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት። የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ኢሚኩዊሞድ የሚባል ክሬም፣ በብርሃን የሚሰጥ ሕክምናና ሌዘርም አሉ። ለከፋው ደግሞ ቀዩን ሽፋን በቀዶ ሕክምና አንስቶ ከውስጥ በኩል ባለው ሽፋን መተካት ይቻላል። ፍሎሮዩራሲል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

ክሬሙን ስታዙ አንድ ነገር አደራ። ከንፈሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል፤ መብላትም ያስቸግራል። ይህ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑ ነው። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን ይደነግጣል፣ በሳምንቱ ክሬሙን ይጥላል። ደንግጦ ጠፍቶ፣ ከዓመት በኋላ ብሶበት የተመለሰ ታካሚ አይቻለሁ። እንዴት እንደሚመስል ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ኋላ ለማወዳደር ይጠቅማችኋል።

ከዚያ በኋላ የፀሐይ መከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የከንፈር ቅባት ይጠቀም። በየ2 ሰዓቱ ይቀባ፤ ሲበላና ሲጠጣ ስለሚጠፋ ያኔም ይድገመው። ዙሪያውን ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ ያድርግ። የሚያጨስ ከሆነ እንዲያቆም እርዱት።

ከዳነም በኋላ በየ6 ወሩ ገደማ ጥሩትና እንደገና ዳስሱት፤ በሽታው ይመለሳል። ከንፈሩ ላይ ቁስል ወጥቶ ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየበት ግን ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲመጣ ንገሩት።